ለሦስት ዓይነት ሜዳ አንድ ስኪ

በኮሎራዶ የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ ከአበሌ ቆጥቤ የገዛሁት የመጀመሪያው ስኪ፣ ማለትም በእግር የሚታሰር የበረዶ መንሸራተቻ፣ እጅግ ቀላል ነበር። አንድ የበረዶ ወቅት እንኳ አልዘለቀም፤ ለዝላይ በተሠራው ስፍራ ከብረት ሐዲድ ጋር ተጋጭቶ የብረት ጠርዙ ተሰነጠቀ። ሻጩ ክብደቱን በግራም ነግሮኝ ነበር፤ የጠርዙን ውፍረት ግን፣ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ እያልሁ፣ አልጠየቅሁም።

በማሽን በተደለደለ በረዶ ላይ ጠባቡ ስኪ በጠርዙ ለማጋደል ይፈጥናል። በዛፎች መካከል ባለው ልል በረዶ ግን ሰፊው ክብደታችንን በብዙ ስፋት ስለሚያከፋፍል እምብዛም አይሰምጥም። ስለዚህ ወገቡ 95 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነውን እመርጣለሁ። የመታጠፊያው ሬዲየስ ብዙ አያስጨንቅ፤ 18 ሜትር የተባለው በጠንካራ በረዶ ላይ 60 ዲግሪ ሲያጋድል ወደ 9 ሜትር ይወርዳል፤ በአንግሉ ኮሳይን ይባዛልና።

ይልቅስ ክብደትን አንሽሽ። የጣውላ ግትርነት ከውፍረቱ 3ኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ ውፍረቱ በ10 በመቶ ቢቀነስ ግትርነቱ በ27 በመቶ ይቀንሳል። ጠንካራ የእንጨት እምብርትና ወፍራም የብረት ጠርዝ ያለው ይሻላል።

ሁለተኛው ስኪዬ ተሸክሜው ስሄድ ትከሻዬን ያሳምመኝ ነበር፤ ትምህርቴን እስክፈጽም ግን አልተሰበረም።