ሳማ ሲለበልበን፣ ንብ ሲነድፈን

በዕረፍት ሰዓት አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪዬ ከአጥር ሥር የገባችውን ኳስ ሊያነሣ ሄዶ፣ ሳማ ክንዱን ለብልቦት እያለቀሰ መጣ። ክንዱ ቀልቶ፣ ነጥብ ነጥብ እያለ አብጦ ነበር። «መምህር፣ ቅጠሉ መርዝ አለበት?» ሲል ጠየቀኝ።

ውድ አንባብያን፣ በሳማ እሾህ ውስጥ ከሚገኙት ነገሮች አንዱ ሂስታሚን ይባላል። የሚያስደንቀው ግን ይኸው ሂስታሚን አስቀድሞ በልጁ ሰውነት ውስጥም መኖሩ ነው። ሰውነታችን ከምግብ ከሚያገኘው፣ ሂስቲዲን ከተባለው የፕሮቲን ክፍል ይሠራዋል፤ በቆዳ፣ በአፍንጫና በሳንባ በሚገኙ፣ ዘበኛ በሚመስሉ ሕዋሳት ውስጥም ያከማቸዋል። ባዕድ ነገር ሲገባ ሕዋሳቱ ይለቁታል። ያን ጊዜ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ውኃም ያሾልካሉ፤ ይኸውም በሽታን የሚዋጉት ነጫጭ የደም ሕዋሳት ፈጥነው እንዲደርሱ ነው። መቅላቱ ከደሙ፣ እብጠቱ ከሾለከው ውኃ፣ ማሳከኩም ከነርቮቹ መነካት የተነሣ ነው።

ይህን ጠባዩን እ.ኤ.አ. በ1910 በእንግሊዝ አገር ሄንሪ ዴልና ፓትሪክ ሌይድሎው መርምረው ገለጹ። ሂስታሚን ጨጓራ አሲድ እንዲያመነጭ ያዛል፤ በአንጎልም ንቃትን ይጠብቃል። ስለዚህ ሥራውን የሚገቱት የቀድሞዎቹ የአለርጂ ክኒኖች ወደ አንጎል ዘልቀው እንቅልፍ ያመጣሉ። እንዲህ ያለ ክኒን ውጦ በክፍል ያንቀላፋን ልጅ ሰነፍ ብዬ ገሥጬ ዐውቃለሁ፤ እስከ ዛሬም ይጸጽተኛል።

ዘበኛው አንዳንድ ጊዜ ከልክ ያልፋል። በንብ መርዝ፣ በፔኒሲሊን ወይም በኦቾሎኒ ምክንያት ሂስታሚንና መሰሎቹ በመላው ሰውነት በአንድ ጊዜ ሊለቀቁ ይችላሉ። የደም ግፊት ይወርዳል፤ የአየር መተላለፊያው ይጠባል። ንብ የነደፈው ልጅ ከንፈሩና ምላሱ ካበጠ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ትንፋሹ ካጠረ ወይም ከተዝለፈለፈ፣ ቅባት በመቀባት ጊዜ አታጥፉ፤ ክኒንም ብቻውን አያድነውም። የሚያድነው በጭኑ ጡንቻ የሚወጋው አድሬናሊን ነውና፣ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። በእግሩም አታስኪዱት፤ አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉለት፤ መተንፈስ ካቃተው ግን ይቀመጥ።

ተማሪዬስ ክንዱን በውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ ደወሉ ሳይደወል ወደ ኳሱ ተመለሰ።