ብርቱካኑና ብልቃጡ

ያለፈው ወር የደመወዝ ቀን ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል የሚሠራ ባልንጀራዬ፥ ከሥራ ስንወጣ ከኮቱ ኪስ አንድ ብልቃጥ አውጥቶ በኩራት አሳየኝ። በብልቃጡ ላይ ብርቱካን፥ ወይንና ማንጎ አምረው ተሥለዋል፤ ከሥዕሉም በታች «አንቲኦክሲዳንት» የሚል ቃል በወርቅማ ቀለም ተጽፏል። በጀርባው በደቃቅ ፊደል ከተዘረዘሩት ስሞች መካከል «ቤታ ካሮቲን» የሚለውን አነበብሁ። ዋጋውን ብጠይቀው የደመወዙን ስድስተኛ እጅ ያህል ነገረኝ። «ምነው ይህን ያህል?» ብለው፥ «አንድ ክኒን ማለት እኮ አንድ ቅርጫት ፍራፍሬ ማለት ነው። ሲጋራው ያበላሸውን ሁሉ ይህ ያጸዳልኛል» አለና እዚያው ቆሞ ሲጋራውን ለኮሰ። ከእኛ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ አንዲት ሴት ብርቱካንና ማንጎ በጆንያ ላይ ደርድራ ትሸጥ ነበር። ባልንጀራዬ ዘወር ብሎ እንኳ አላያትም።

ይህ ነገር የእርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ የጋዜጣ ዓምድ ባላጣበብሁበት ነበር። ዳሩ ግን በተማሪዎች መኝታ ክፍልም ሆነ በቢሮ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ እንዲህ ያለውን ብልቃጥ አይቻለሁ። እኛ ተምረናል የምንለው ወጣቶች፥ ያልተማረው ሰው በክታብ ሲያምን እያየን እንስቃለን። ነገር ግን እኛም በብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ቃል ሳንመረምር ካመንን ልዩነታችን ምኑ ላይ ነው? ስለዚህ ዛሬ ከአንባቢ ጋር ልመለከተው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው፤ ከፍራፍሬ የምናገኛቸው እነዚህ ነገሮች ወደ ሆዳችን ከገቡ በኋላ ምን ይሆናሉ? መንገዳቸውን ያወቀ ሰው ገንዘቡን ለየትኛው እንደሚያወጣ ይለያል።

በመጀመሪያ ነገሮቹን እንወቃቸው። ተክል እንደ እንስሳ ከጠላቱ ሮጦ አያመልጥም፤ ፀሐይ ሲበረታበትም ጥላ ፈልጎ አይሄድም። ስለዚህ በቆመበት ሆኖ ራሱን የሚከላከልበትን፥ ንብንና ወፍንም የሚጠራበትን ቀለምና ጣዕም ይሠራል። የአጋም ጥቁረት፥ የሮማን ቅላት፥ ያልበሰለ ሙዝ አፍን ጭምድድ የሚያደርግበት ጣዕም ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። ከእነዚህ የሚበዙት ፖሊፌኖል ይባላሉ፤ ከፖሊፌኖልም ታላቁ ወገን ፍላቮኖይድ ይባላል። ማንጎንና ካሮትን የሚያቀላው ቤታ ካሮቲን ግን ከሌላ ወገን ነው። ኦክሲጅን ብረትን እንደሚያዝግ፥ ቅቤንም እንደሚያሻግት ሁሉ፥ በሰውነታችን ውስጥም ከእርሱ የሚወለዱ ሕዋስን የሚጎዱ ነገሮች አሉ። ይህን ጉዳት የሚያከሽፍ ነገር አንቲኦክሲዳንት ይባላል። ፖሊፌኖሎች በላቦራቶሪ ብርጭቆ ውስጥ ሲፈተኑ ይህን ሥራ አሳምረው ይሠራሉ። ጥያቄው ግን ስለ ብርጭቆው ሳይሆን ስለ ሰው ነው።

የሃንጋሪው ሊቅ አልበርት ሴንት ጆርጂ በ1936 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ፍላቮኖይዶችን «ቪታሚን ፒ» ብሎ ሰይሟቸው ነበር። ሊቁ በሚቀጥለው ዓመት በቪታሚን ሲ ላይ ላደረገው ምርምር ጭምር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ያም ሆኖ «ቪታሚን ፒ» የሚለው ስም አልጸናም። ቪታሚን ማለት ሲጎድል በሽታ የሚያመጣ ነገር ነው፤ ፍላቮኖይድ ስለ ጎደለበት የታመመ ሰው ግን አልተገኘም።

ሰውነታችንም በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቃል። ቪታሚን ሲን እንደ ቤተኛ ይቀበለዋል፤ በአንጀት ግድግዳ ላይ እርሱን ተቀብለው የሚያስገቡ ልዩ በረኞች አሉት፤ በኩላሊት በኩል ሊያመልጥ ሲልም መልሶ ይይዘዋል። ፍላቮኖይድን ግን እንደ እንግዳ ያየዋል። አባቶቻችን «እንግዳ አንደኛ ቀን ወርቅ፥ ሁለተኛ ቀን ብር፥ ሦስተኛ ቀን ጨርቅ» ይላሉ። ሰውነታችን ሦስት ቀን እንኳ አይታገሥም፤ ገና በመጀመሪያው ቀን እንግዳውን ለመሸኘት መሰናዶ ይጀምራል።

ፍላቮኖይድ በፍሬው ውስጥ ሳለ ብዙውን ጊዜ ከስኳር ጋር ተጣምሮ ይኖራል። ወደ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ከግሉኮስ ጋር ብቻ የተጣመረው፥ የወተትን ስኳር በሚሰብረው በላክቴዝ ኢንዛይም አማካይነት ስኳሩ ተቆርጦለት ወደ ግድግዳው ይገባል። የብርቱካኑ ዋነኛ ፍላቮኖይድ ሄስፐሪዲን ግን የተጣመረበት ስኳር ዓይነት በዚያ በር የሚያሳልፍ አይደለም። ስለዚህ ቁልቁል ተጉዞ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ ስኳሩን የሚቆርጡለትም በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። በደም ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ከተበላ ከ5 እስከ 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ በቁርስ የበላነው ብርቱካን ጉዳዩ የሚፈጸመው ምሳ ከበላን በኋላ ነው ማለት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ይዘገያል እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ሳይጽናኑ አይቀሩም!

የአንጀትን ግድግዳ አልፎ የገባውም ቢሆን እንደ ልቡ አይዘዋወርም። በዚያው በግድግዳውና ቀጥሎም በጉበት ውስጥ እንደ ጉምሩክ ዕቃ ይፈተሻል፤ ግሉኩሮኒክ አሲድ፥ ሰልፌት ወይም ሜቲል የሚባሉ ምልክቶችም ይለጠፉበታል። ግሉኩሮኒክ አሲድና ሰልፌት በውኃ በቀላሉ እንዲሟሟ ያደርጉታል፤ በውኃ የሚሟሟውንም ኩላሊት በሽንት፥ ጉበትም በሐሞት አድርጎ ለማስወጣት አይቸገርም። ከሁሉ በላይ ልብ ልንለው የሚገባው፥ እነዚህ ምልክቶች የሚለጠፉት ፍላቮኖይዱ ኦክሲጅንን በሚታገልባቸው ቦታዎች ላይ መሆኑን ነው። በብርጭቆ ውስጥ ጀግና የነበረው በደም ውስጥ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ እጁ ታስሮ ነው።

ከምንበላው ፖሊፌኖል የሚበዛው ግን ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። በዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ሰባብረው ወደ ትንንሽ አሲዶች ይለውጡታል፤ እነዚህም ተመልሰው ወደ ደም ይገባሉ። የሮማንን ነገር እንመልከት። በሮማን ውስጥ ያለው ኤላጂታኒን በባክቴሪያዎች ሥራ ዩሮሊቲን ወደሚባል ነገር ይለወጣል። ይሁን እንጂ ይህን መሥራት የሚችሉት ባክቴሪያዎች በሰው ሁሉ አንጀት ውስጥ አይገኙም። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ሮማን እኩል ተካፍለው ቢበሉ አንዱ ዩሮሊቲን ሊያገኝ፥ ሌላው ላያገኝ ይችላል። ታዲያ በብልቃጥ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለሁላችንም እኩል እንደሚሠራ አድርጎ መናገር ምን የሚሉት ሒሳብ ነው?

ስለ ሒሳብ ካነሣን አይቀር ቁጥሩን እንየው። እንደ ወትሮው ፍራፍሬ ከበላን በኋላ በአንድ ሊትር የደም ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው ፍላቮኖይድ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ማይክሮሞል አይበልጥም። በደኅና ሰው ደም ውስጥ ቪታሚን ሲ 50 ያህል፥ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ዩሪክ አሲድ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ይደርሳል፤ ሁለቱም አንቲኦክሲዳንቶች ናቸው። በአሜሪካ በኦሬጎን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ መርማሪዎች በ2004 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ ሰዎች ፖም ከበሉ በኋላ ደማቸው ኦክሲጅንን የመቋቋም ኃይሉ ከፍ ማለቱን አዩ። ምክንያቱን ቢመረምሩ ግን የፖሙ ፍላቮኖይድ ሆኖ አልተገኘም፤ የፖሙ ስኳር ፍሩክቶስ በደም ውስጥ ያለውን ዩሪክ አሲድ ስለ ጨመረው ነበር። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴርም ምግቦችን በብርጭቆ ውስጥ ባሳዩት የአንቲኦክሲዳንት ኃይል እያበላለጠ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነበረው። በ2012 ዓ.ም. ሠንጠረዡን አነሣው፤ ቁጥሩ በሰው አካል ውስጥ የሚሆነውን እንደማያሳይና ነጋዴዎችም ለማስታወቂያ ያለ አግባብ እንደሚጠቀሙበት ገልጿል።

አንባቢ ይህን ሲያነብ «እንግዲያውስ ፍራፍሬ መብላት ከንቱ ነው» ይል ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ አላልሁም። ፍራፍሬና አትክልት አዘውትረው የሚበሉ ሰዎች በልብ በሽታ የሚያዙት ከማይበሉት ባነሰ መጠን መሆኑ በብዙ አገር ታይቷል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም እንዲበላ ይመክራል። የሚጠቅመን ግን ኦክሲጅንን የሚያሳድድ አንድ ጀግና በመዋጣችን አይደለም። ፍሬ ማለት አሰሩ፥ ውኃው፥ ፖታሲየሙ፥ ቪታሚኑና ፖሊፌኖሉ በአንድነት የሚሠሩበት ማኅበር ነው። አሰሩ ባክቴሪያዎቹን ይመግባል፤ ባክቴሪያዎቹም ፖሊፌኖሉን ይለውጡልናል። ከማኅበሩ አንዱን አባል ነጥቆ በብልቃጥ ውስጥ ማሰርና የማኅበሩን ሁሉ ሥራ ከእርሱ መጠበቅ፥ ከአንድ መሥሪያ ቤት አንድ ጸሐፊ ወስዶ መሥሪያ ቤቱን ወሰድሁ እንደ ማለት ነው።

ክኒኑ ባይጠቅምም አይጎዳም የሚል ሰው ቢኖር ቀጥሎ ያለውን ያስተውል። በፊንላንድ አገር 29,133 የሚያጨሱ ወንዶች የተካፈሉበት ታላቅ ጥናት ተደርጎ ነበር። ገሚሶቹ በየቀኑ 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን ከ5 እስከ 8 ዓመት ወሰዱ። ሊቃውንቱ ተስፋ ያደረጉት የሳንባ ነቀርሳ ይቀንሳል ብለው ነው። ውጤቱ በ1994 ዓ.ም. ሲወጣ ግን ቤታ ካሮቲን በወሰዱት ላይ የሳንባ ነቀርሳ ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። በአሜሪካም አጫሾች፥ አጫሾች የነበሩና የአስቤስቶስ ሠራተኞች በድምሩ 18,314 ሰዎች የገቡበት ሌላ ጥናት ነበር፤ በዚህኛው ቤታ ካሮቲን የተሰጠው ከቪታሚን ኤ ጋር ነው። በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፥ ክኒኑን በወሰዱት ዘንድ የሳንባ ነቀርሳው በ28 በመቶ ስለ በለጠ፥ ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ 21 ወር ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ።

በማንጎና በካሮት ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን ይህን አላደረገም። በምግብ ሲመጣ መጠኑ ልከኛ ነው፤ ወደ ደም የሚገባውም በጥቂት ስብ ታግዞ ነው፤ የአንጀት ግድግዳም የሚያስፈልገውን ያህል እየቆረጠ ወደ ቪታሚን ኤ ይለውጠዋል። በክኒን ብዛት ሲጎርፍ ግን ሳይቆረጥ የሚያልፈው ይበዛል፤ በአጫሽ ሳንባ ውስጥም ከጭሱ ጋር ተገናኝቶ ወደሚጎዳ ነገር ሳይለወጥ እንደማይቀር ሊቃውንት ያስረዳሉ። እንግዲህ ባልንጀራዬ «ሲጋራው ያበላሸውን ያጸዳልኛል» ብሎ የገዛው ክኒን፥ ከማንም ይልቅ ለእርሱ ለአጫሹ የሚያሰጋ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ፍሬም ቢሆን ኃይል የሌለው ነገር እንዳይመስለን። የካናዳ ሐኪሞች በ1989 ዓ.ም. የግሬፕፍሩት ጭማቂ ፌሎዲፒን የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት በደም ውስጥ ከልኩ በላይ እንደሚያበዛው ገለጡ። ግሬፕፍሩት መድኃኒቱን በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚሰብረውን ኢንዛይም ስለሚያግደው ነው። ስለዚህ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ፍሬ ከመብላቱ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ አለበት።

በበኩሌ የምለው ይህ ነው። ሐኪም ላዘዘለት ሰው ክኒን መድኃኒቱ ነው፤ በዚህ ላይ ቃል የለኝም። ሐኪም ያላዘዘለት ጤነኛ ወጣት ግን ደመወዙን በብልቃጥ ከሚጨርስ ገበያው ያመጣውን ፍሬ በየወቅቱ ይብላ፤ ብርቱካኑንም ከመጭመቅ ይልቅ ከነነጭ ሽፋኑ ይብላው፤ ሄስፐሪዲኑም አሰሩም የሚበዛው እዚያ ነውና። ቤታ ካሮቲን የሚሸጡ ነጋዴዎችም «ለሚያጨስ ሰው አይሆንም» የሚለውን ቃል እንደ ብርቱካኑ ሥዕል አጉልተው በብልቃጡ ፊት ላይ ይጻፉ፤ የሚቆጣጠረውም ክፍል ይህን ያስገድድ። እኛም የተማርነው «በብርጭቆ ውስጥ ሠርቷል» በሚለውና «በሰው ላይ ሠርቷል» በሚለው መካከል ያለውን ልዩነት ካልጠየቅን ዲፕሎማችን ከግድግዳ ጌጥነት አያልፍም።

ይህን ሁሉ ለባልንጀራዬ ነግሬዋለሁ። ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆየና፥ «ታዲያ ገንዘቤን ማን ይመልስልኛል?» አለኝ። «ገንዘቡስ ሄዷል፤ ሳንባህ ግን አሁንም ከአንተ ጋር ነው» አልሁት። ክኒኑን መዋጥ ትቷል፤ ብልቃጡ ግን አሁንም በመሳቢያው ውስጥ ነው። ሲጋራውን ገና አልተወም። ይህን ዓምድ እሑድ እሑድ እንደሚያነብ ስለማውቅ ነገሩን ዛሬ በአደባባይ ደገምሁለት፤ እንደማይቀየመኝም ተስፋ አደርጋለሁ።