ፈተናው ሰውን፣ ማስረጃው ተቋምን ሲመዝን

በአሜሪካ በነርስነት ለመሥራት የሚሹ ወገኖቻችን አብዝተው የሚጨነቁት ስለ ፈተናው ነው። በእኛ አስተያየት ግን ይበልጥ ሊያስጨንቅ የሚገባው ወረቀቱ ነው።

ኤንክሌክስ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው ይህ ፈተና የስታቲስቲክስ ተማሪን ሁሉ ሊማርክ የሚችል ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በኮምፒውተር የሚሰጥ ሲሆን ለሁሉም ተፈታኝ የሚታደል አንድ ዓይነት የጥያቄ ወረቀት የለውም። ተፈታኙ አንድ ጥያቄ በመለሰ ቁጥር ኮምፒውተሩ ስለ ችሎታው ያለውን ግምት ያሻሽላል፤ ቀጥሎም የመመለስና የመሳት ዕድሉ እኩል ሊሆን የሚችልበትን ጥያቄ መርጦ ያቀርብለታል። ስለዚህ ጎበዙም ሰነፉም ከቀረቡላቸው ጥያቄዎች ግማሽ ያህሉን ሊስቱ ይችላሉ፤ የሚለያቸው የመለሱት ብዛት ሳይሆን የጥያቄዎቹ ክብደት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በተጀመረው አሠራር ጥያቄዎቹ ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ናቸው። ኮምፒውተሩ ተፈታኙ ከማለፊያው መስመር በላይ ወይም በታች መሆኑን በ95 በመቶ እርግጠኝነት ሲለይ ፈተናውን ያቆማል። «በ85ኛው ጥያቄ ላይ ቆመብኝ፤ ወደቅሁ ማለት ነው?» ብለው እንቅልፍ የሚያጡ አሉ። ማሽኑ በዚያ የተናገረው ግን መወሰን አላዳገተኝም ብሎ ብቻ ነው፤ ውሳኔው ማለፍም ሊሆን ይችላል።

ወደ ፈተናው መቀመጫ የሚያደርሰው በር ሌላ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው የየግዛቱ የነርሶች ቦርድ ሲሆን በብዙ ግዛቶች በውጭ አገር የተማረ አመልካች ማስረጃው አስቀድሞ ይመረመራል። ትራንስክሪፕቱ ከአመልካቹ እጅ አይወሰድም፤ የንድፈ ሐሳቡና የሆስፒታል ልምምዱ ሰዓት ተሞልቶበት ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ መላክ አለበት። ጥንቃቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያው በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት፣ ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርስ ዲፕሎማዎች መሸጣቸው ይፋ ሆኗልና።

ታዲያ ከምናውቃቸው ነርሶች አንዷ የዚህን ቅጽ መልስ ዘጠኝ ወር ጠብቃለች። ቅጹ የተማረችበት ተቋም ሬጅስትራር ዘንድ ደርሶ ነበር፤ «የልምምድ ሰዓት» የሚለውን ዓምድ የሚሞላ ሰው ግን አልተገኘም። እርሷም በሙያዋ ፈንታ በየቤቱ አረጋውያንን በመንከባከብ ቆየች።

መዘግየቱ ባለሙያ እንዳይሰደድ ይረዳል የሚሉ አይጠፉም። አንስማማም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው፣ የጤና ባለሙያ እጥረት በጸናባቸው 55 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ እንደምትገኝ አንዘነጋም። ነገር ግን ያ ዝርዝር የሚገድበው ሀብታም አገሮች ዘምተው የሚያካሂዱትን ምልመላ እንጂ ግለሰብ በራሱ ፈቃድ ማመልከቱን አይደለም። ነርስን በአገሯ የሚያቆያት ደመወዟና የሥራ ቦታዋ ነው። መሳቢያ ውስጥ የተኛ ቅጽ የሄደችውን አይመልስም፤ ከሙያዋ ብቻ ይለያታል።

ሬጅስትራሮች የየኮርሱን ዝርዝርና ሰዓት ከውጤቱ ጋር በአንድ መዝገብ ቢይዙ፣ ከውጭ ለሚመጣ ጥያቄም መልስ የሚሰጥ አንድ ሠራተኛ ቢመድቡ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ይህ እስኪሆን በትምህርት ላይ ያላችሁ አንባብያን የልምምድ መዝገባችሁን በማኅተም አረጋግጣችሁ፣ ያስተማሯችሁ መምህራን ከዚያው ሳይለቁ፣ ቅጂውን ያዙ።