የአውራ ጣት ፈቃድ

«አረብኛ ትችላላችሁ፤ አስተርጓሚ ምን ያደርግላችኋል?» የሚሉን አሉ። አዎን፣ እንችላለን። በዶካ ገበያ ሽንኩርት ተከራክረን እንገዛለን፤ በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ስለ ቀን ሒሳባችን ከባለ እርሻው ጋር እንሟገታለን። የሽንኩርት አረብኛ ግን የሐኪም አረብኛ አይደለም።

ሐኪሙ «ሰርዕ» ሲል የሚጥል በሽታ ማለቱ ነው። ከገበያ የለመድነው «ሰሪዕ» ደግሞ ፈጣን ማለት ነው። እናት «ልጄ ፈጥኖ ይድናል ተባልኩ» ብላ ደስ ብሏት ብትመለስ ማን ይፈርድባታል? መድኃኒቱ ልጁ ባይወድቅም በየቀኑ መዋጥ አለበት፤ ድንገት ቢቋረጥ የማያባራ መንፈራገጥ ሊያመጣ፣ ሊገድልም ይችላል። ይህ በአረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይሰጣታል። እሷ ኪኒኑን በወደቀ ቀን ብቻ ትሰጠዋለች፤ የተረፈውን ለክፉ ቀን ታስቀምጣለች። ስደተኛ መቆጠብ ያውቃል! ከዚያ ቸልተኛ እናት ትባላለች። ቸልተኛውስ ማን ነው?

«ሸለል ዲማጊ» የሚለውን ደግሞ የአሥር ዓመት እኅቱ ስትተረጉመው «አንጎሉ ሞቷል» ይሆናል። ሐኪሙ ያለው ግን እንቅስቃሴን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ተጎድቷል ነው። ልጁ የሚነገረውን ሁሉ ሊረዳ ይችላል፤ አካሉን ማሠራትም ይጠቅመዋል። በዚያች ቃል ጠንቅ ግን ከጎጆው ሳይወጣ ያድጋል። ያንን መርዶ ለእናቷ ያደረሰችውን ሕፃንስ ማን አሰበላት?

መስማት የተሳነው ልጅ ነገርማ ይብሳል። አገር ቤት የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ የተማረ፣ በሱዳኑ የምልክት ቋንቋ አይግባባም።

ጉዳዩ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። ለዶካ ቅርብ የሆነው ኡም ራኩባ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወገናችንን አስጠልሏል፤ በኅዳር 2013 ከትግራይ ጦርነት ለሸሸው ዳግም ተከፍቷል። በመካከሉ 36 ዓመት አለ! ሱዳን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2009 አጽድቃለች። አንቀጽ 25 ሕክምና ታካሚው ነገሩን ዐውቆ በነጻ ፈቃዱ ይሰጥ ይላል። ባላነበበችው ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን ያሳረፈች እናት ምኑን ፈቀደች?

ከሚያዝያ 2015 ወዲህ የሱዳን ሕዝብ ራሱ በጦርነት መፈናቀሉን፣ ገንዘብም መጥፋቱን እናውቃለን። ሕንፃ ይሠራልን አላልንም። ሦስቱን ቋንቋ አጣርተው የሚያውቁ ሰዎች በመካከላችን ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። በሳምንት ሁለት ቀን ከሐኪሙ ጎን ይቀመጡ፤ ምስጢር ሊጠብቁ ይማሉ፤ የድካማቸውም ይከፈላቸው። የመድኃኒቱ ትእዛዝ በአማርኛና በትግርኛ ይጻፍ፣ ሐኪሙም አረጋግጦ ይፈርምበት። ማባዛቱን ለእኛ ተዉት፤ ይህንንም ገጽ በእጃችን እየገለበጥን ነው የምናዳርሰው።