ነፍጎ መርታት

በጨዋታ ዓለም ሁለት ዓይነት ድል አለ። አንደኛው ከባላጋራ አብልጦ በመሥራት የሚገኝ ነው፤ ሁለተኛው ባላጋራ የሚሠራበትን ነገር በማሳጣት። የመጀመሪያውን ሁሉም ያጨበጭብለታል። ሁለተኛው ግን ስሙ ክፉ ነው፤ ንፍገት ይባላል፣ ምቀኝነት ይባላል፣ አንዳንዴም ፈሪነት። ሆኖም ኮንከር የተጫወተ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ለራሱ የማትረባውን ካርታ፣ ከጎኑ የተቀመጠው እንዳያነሣት ብቻ ሲል በእጁ ይዞ የማያመሽ ተጫዋች የለም። ይህን ሲያደርግ «ጨዋታ ያውቃል» ይባላል እንጂ ነውረኛ አይባልም። በዚህች ጽሑፍ ልሟገትለት የፈለግሁት ይህንኑ ሁለተኛውን ድል ነው። ለሙግቴ ምስክር የማቆመውም ስገነባውና ሳፈርሰው የከረምሁትን አንድ የካርታ ጥቅል ነው።

ጨዋታው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» ይባላል። ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ምሁር የፈጠረው፣ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ ያቀረበው ነው። ከተለመደው ካርታ የሚለየው፣ ተጫዋቹ የሚጫወትበትን ጥቅል ራሱ አስቀድሞ አሰናድቶ በመምጣቱ ነው። በሺዎች ከሚቆጠሩ ልዩ ልዩ ካርታዎች መካከል ቢያንስ 60 ይመርጣል፤ ከመሠረታዊ መሬቶች በቀር አንዱን ካርታ ከ4 ቅጂ በላይ መያዝ አይፈቀድለትም። 7 ካርታ በእጁ፣ 20 የሕይወት ነጥብ በስሙ ይዞ ይጀምራል። የባላጋራውን 20 ነጥብ አሟጥጦ የጨረሰ ያሸንፋል።

ለእኛ ጉዳይ ቁልፉ «መሬት» የሚባለው ካርታ ነው። ተጫዋች በየተራው አንድ መሬት ብቻ ይዘረጋል። መሬቱን ወደ ጎን ሲያጋድመው «ማና» የሚባል ኃይል ያገኛል፤ በማናውም ፍጡራንን ይጠራል፣ አስማት ይሠራል። የተጋደሙት መሬቶች በሚቀጥለው ተራው መጀመሪያ ተመልሰው ይቃናሉ። በ1 ማና የሚወጣ ካርታ አለ፤ 6 ማና የሚጠይቅም አለ። ስለዚህ ይህ ጨዋታ፣ ከዘንዶውና ከመልአኩ ሥዕል በስተጀርባ፣ የእርሻ ጨዋታ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እጁ በዕንቁ ቢሞላ እንኳ መሬት የሌለው ሰው ጦሙን ያድራል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ አብዛኛው ተጫዋች ስለ መሬት የሚያስበው ሲያጣው ብቻ ነው። ሐሳቡ ሁሉ ዘንዶው ላይ ነው።

ነፍጎ መጫወት የኋላ ዘመን ፈጠራ አይደለም። በ1993ቱ የመጀመሪያ እትም ውስጥ ሁለት የታወቁ ካርታዎች ነበሩ። «ስቶን ሬይን» (የድንጋይ ዝናብ) በ3 ማና አንድ የተመረጠ መሬት ያጠፋል። «አርማጌዶን» በ4 ማና በጠረጴዛው ላይ ያለውን መሬት በሙሉ፣ የራስንም የባላጋራንም፣ ጠራርጎ ይወስዳል። ልዩነታቸውን ልብ በሉልኝ፤ ሙግቴ ያረፈው በዚሁ ላይ ነውና። የመጀመሪያው የሌላውን ጓሮ ብቻ ይመታል። ሁለተኛው ሁለቱንም እኩል ያደኸያል።

ሁለቱንም እኩል የሚያደኸይ ነገር እንዴት ለአንዱ ድል ይሆናል? በ1990ዎቹ አጋማሽ ስመ ጥር የነበረው «ኧርናምጌዶን» የተባለ ጥቅል አንድ መልስ ነበረው። መጀመሪያ ማና የሚሰጡ ትናንሽ ፍጡራንን ይዘረጋል። ቀጥሎ «ኧርናም ጂን» የተባለውን ብርቱ ፍጡር ያወርዳል። ከዚያ መሬቱን ሁሉ ያጠፋል። መሬት ሲጠፋ ትናንሾቹ ፍጡራን ማና መስጠታቸውን ይቀጥላሉ፤ ጂኑም መምታቱን አይተውም። አስቀድሞ ጎተራውን ሞልቶ፣ ከዚያ ድርቅ የሚጠራ ጥቅል ነው ማለት ይቻላል። ከእርሱ ወዲህ የመጡት ነፋጊ ጥቅሎችም አብዛኞቹ በዚሁ መንገድ ሄደዋል፤ ፈጥነው ይበለጽጋሉ፣ ከዚያ ይነፍጋሉ።

የእኔ ጥቅል መንገዱን ገልብጦ ይሄዳል። አስቀድሞ ይደኸያል፤ ከዚያ ይነፍጋል።

ሐሳቡ የተጸነሰው «ላንድ ታክስ» (የመሬት ግብር) ከተባለች አንዲት የ1994 ካርታ ነው። ዋጋዋ 1 ማና ነው። በተራዬ መጀመሪያ ላይ ባላጋራዬ ከእኔ የበለጠ መሬት ካለው፣ ከገዛ ጥቅሌ እስከ 3 መሠረታዊ መሬት ፈልጌ በእጄ አስገባለሁ። «መሬት ላራሹ» የሚለውን መፈክር ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ይህች ካርታ ፈገግ ማሰኘቷ አይቀርም፤ የመሬት ግብር ሲባል ከጭሰኛው ጉሮሮ የሚወጣ እንጂ መሬት ላነሰው የሚገባ ሆኖ አናውቅምና። ለእኔ ግን ከፈገግታ ያለፈ ነገር አስተማረችኝ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ማነስን የሚክስ ሕግ አለ። ባላጋራዬ በጨመረ ቁጥር እኔ እጄ ይሞላል፤ መዘርጋት ግን አያስቸኩለኝም።

ጥቅሉን እነሆ። 18 መሬት፦ 14ቱ ተራ ሜዳ፣ 4ቱ «ዌስትላንድ» (ጠፍ መሬት)። ዌስትላንድ እንደ ማንኛውም መሬት 1 ማና ይሰጣል፤ ካስፈለገም ራሱን ሠውቶ መሠረታዊ ያልሆነ አንድ መሬት ያጠፋል። 4 የመሬት ግብር። 3 «ታይዝ» (አሥራት)፦ በ1 ማና አንድ ሜዳ፣ ባላጋራ በመሬት ከበለጠኝ ደግሞ ሁለት ሜዳ የምታመጣ ካርታ። 4 አርማጌዶን። 3 «ዊንተር ኦርብ»። ይህን የክረምት ሉል ብለን ብንተረጉመው ያሳስተናል፤ የፈረንጅ ክረምት እንደኛው የልምላሜ ወቅት አይደለምና የውርጭ ሉል ብንለው ይሻላል። በ2 ማና ይወጣል፤ ሉሉ እስካልተጋደመ ድረስም ማንኛውም ተጫዋች በተራው መጀመሪያ ከአንድ በላይ መሬት ማቃናት አይችልም። 4 «ሶርድስ ቱ ፕላውሼርስ» (ሰይፍን ወደ ማረሻ)፦ በ1 ማና አንድ ፍጡር ከጨዋታው ያስወግዳል፣ ለባለቤቱም በፍጡሩ ኃይል ልክ ሕይወት ይሰጠዋል። የቀሩት 24ቱ ፍጡራን ናቸው፤ አብዛኞቹ 1 ማና፣ ጥቂቶቹ 2 ማና የሚጠይቁ።

ዋጋቸውን ደምራችሁ ከተመለከታችሁ ሚስጥሩ ይገለጥላችኋል። ከአርማጌዶን በቀር በዚህ ጥቅል ውስጥ ከ2 ማና በላይ የሚጠይቅ ነገር የለም። የውርጭ ሉል ሲወርድ በሁለታችንም ላይ እኩል ነው የሚወርደው። ሆኖም መሬቱን አሟጥጦ የተጠቀመ ባላጋራ የ4 ማና ካርታውን ለማውጣት አራት ተራ መጠበቅ ሲኖርበት፣ እኔ በየተራው በ1 ማናዬ አንድ ፍጡር አወርዳለሁ። አርማጌዶን ሲመጣም እንዲሁ ነው። የሁለታችንም መሬት ባዶ ይሆናል። በእጄ ግን ግብሯ ያመጣችልኝ ሦስት ሜዳ አለ። ባላጋራዬ እንደ ምንም አንድ መሬት ሲዘረጋ፣ ከእኔ ባዶ ስለሚበልጥ ግብሯ እንደገና ትከፍለኛለች።

ጥቅሉን ስገነባ ትልቁ ፈተና ጠንካራ ካርታ ማግኘት አልነበረም፤ ጠንካራ ካርታ መተው እንጂ። «ታሊያ» የተባለችው ባለ 2 ማና ፍጡር ፍጡር ያልሆነውን ካርታ ሁሉ በ1 ማና ታስወድዳለች። ለነፋጊ ተጫዋች የተፈጠረች ትመስላለች። እኔ ግን ለካርታዎቼ ሁሉ የማቀርበው ጥያቄ «ባላጋራዬን ምን ያህል ይጎዳል?» የሚል ሳይሆን «እኔ ከዚህ ጋር መኖር እችላለሁን?» የሚል ነው። ታሊያ ባለችበት አርማጌዶን 5 ማና፣ ሉሉ 3፣ ግብሯም 2 ይሆናሉ። ጥቂት መሬት ይዞ ለሚኖር ጥቅል ይህ የማይከፈል ዕዳ ነው። ስለዚህ ቀረች።

ይህ ጥያቄ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ እንግዳ አይደለም። ጉባኤ ቃና የሚቀኝ ሰው ሁለት ቤት ብቻ ተፈቅዶለት ነው ምሥጢሩን የሚያሳድረው። ፈረንሳዊው ጆርጅ ፔሬክ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ልብ ወለድ፣ በቋንቋው ከሁሉ አብልጦ የሚደጋገመውን ፊደል ከዳር እስከ ዳር ሳይጠቀምበት ጽፏል። ሁለቱም የሚነግሩን አንድ ነገር ነው። ብዙ ነገር የግድ ያስፈልገኛል ብሎ የሚያምን ሰው ስለ ራሱ አቅም የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ጥቅሉ ሁሉን ይረታል አልልም። ራሱ በ1 ማና ካርታዎች ብቻ የሚኖር ፈጣን ባላጋራ ሲገጥመው ንፍገቱ ከንቱ ነው፤ ምንም የሌለውን ምን ይነፍጉታል? «ፎርስ ኦፍ ዊል» የያዘ ባላጋራም አለ። ይህች የ1996 ካርታ ማና ሳይከፈልባት፣ በ1 ሕይወትና በአንዲት ሰማያዊ ካርታ ለውጥ፣ ሌላውን አስማት ታከሽፋለች። መሬቱን ብትወስድበት ግድ አይሰጣትም። እንዲህ ላለው ሰው መጀመሪያ ሉሉን፣ ቆይቶ አርማጌዶንን ማቅረብ ነው፤ መከላከያውን በአንደኛው ላይ ካባከነ ሁለተኛው ያልፋል።

አሁን ወደ ክሱ ልመለስ። አንድ ተጋጣሚዬ ካርታውን እየሰበሰበ «ይህ ጨዋታ አይደለም፤ እንዳልጫወት መከልከል ነው» ብሎኛል። ብቻውን አይደለም። አሳታሚው ድርጅትም ከጊዜ በኋላ ርካሽ የመሬት ማጥፊያ ካርታ ማውጣቱን ቀንሶታል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ሰዎች መካከል ለሚደረገው «ኮማንደር» ለተባለው የጨዋታ ዓይነት ባወጣው የደረጃ መመሪያ፣ መሬትን በጅምላ መንፈግ ከታችኞቹ ሦስት ደረጃዎች ውጭ እንዲሆን አድርጓል። በዚህኛው እስማማለሁ። አራት ወዳጆች ሊጨዋወቱ በተሰበሰቡበት ማዕድ ሦስቱን በአንድ ጊዜ ማስራብ ማዕዱን መበተን ነው። ለውድድር በተቀመጡ ሁለት ሰዎች መካከል ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የምንፈትነው አንዳችን የሌላችንን ዝግጅት ነው። መሬት ፈጽሞ የማይነካ ከሆነ፣ ዝግጅት ማለት ትልቁን ዘንዶ መያዝ ብቻ ይሆናል።

ፈሪነት ነው ለሚለው ደግሞ ታሪካችን መልስ አለው። በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የጣሊያንን ምሽግ በጥቃት ለመስበር ብዙ ደም ፈስሷል። ምሽጉን ያስለቀቀው ግን እቴጌ ጣይቱ ምንጩን ማስያዛቸው ነበር። ውሃ የተነፈገው የሜጀር ጋሊያኖ ጦር ምሽጉን ለቆ፣ ከነመሣሪያው በሰላም ወጣ። እቴጌይቱን ፈሪ የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ሆኖም ከተከሳሹ ወገን ሆኜ ሁለት ግዴታዎችን እቀበላለሁ። የመጀመሪያው፣ የምጠራው ድርቅ በእኔም ላይ እንዲወርድ ነው። ስቶን ሬይንን በጥቅሌ ያላስገባሁት ለዚህ ነው። አርማጌዶንና ሉሉ ለሁለታችን አንድ ሕግ ያወጣሉ፤ የሚያሸንፈው ለድህነት የተሰናዳው ነው። በነፋጊነቱ ከሁሉ የከፋ ስም የወጣለት «ላንተርን ኮንትሮል» የተባለው ጥቅል እንኳ ከዚህ ሕግ አያመልጥም። በእርሱ ዛክ ኤልሲክ እ.ኤ.አ. በ2015 በኦክላሆማ ሲቲ የተደረገውን ታላቅ ውድድር፣ ሉዊስ ሳልቫቶ ደግሞ በ2018 በቢልባዎ የተደረገውን ፕሮ ቱር አሸንፈውበታል። የጥቅሉ ግንብ ኃይላቸው በባለቤቱ እጅ ካሉት ካርታዎች ቁጥር የሚበልጥ ፍጡራን እንዳያጠቁ የምትከለክል አንዲት ካርታ ናት። ግንቡ የሚጠነክረው ባለቤቱ የገዛ እጁን ባዶ ሲያደርግ ነው።

ሁለተኛው ግዴታ መጨረስ ነው። ባላጋራን አስሮ ተቀምጦ ማየት ድል አይደለም። 2 ኃይል ያላቸው ሦስት ፍጡራን በየተራው 6 ይመታሉ፤ 20 ሕይወት ለመጨረስ 4 ተራ ይበቃቸዋል። አስቀድመው 8 መትተው ከሆነ ደግሞ 2 ተራ። አርማጌዶን እነዚህን ተራዎች የሚገዛ ገንዘብ ነው። በጠረጴዛው ላይ ፍጡር ሳይኖረው አርማጌዶንን የሚጠራ ሰው ሁለቱንም ለማሰልቸት ብቻ ገንዘቡን በትኗል፤ የተጋጣሚዬ ክስ በእንዲህ ያለው ሰው ላይ ቢጸና አልከራከርለትም።

ስለዚህ ነፋጊ ጥቅል መገንባት ለሚያስብ ሰው የምለው አጭር ነው። ከሌላው ምን ልንሣ ከማለትህ በፊት፣ ከራስህ ምን ያህል ብትነሣ ቆመህ መሄድ እንደምትችል ቁጠር። ይህን ሳይቆጥሩ የሚነፍጉ ብዙዎች ናቸው፤ ድርቁ ሲመጣ መጀመሪያ የሚራቡትም እነርሱ ናቸው።