ማሕሼቩ ፊቱን ሲቀይር

ባለፈው እሑድ ጠዋት አንዲት እናት ደወሉልኝ። "የልጄን ማሕሼቭ አበላሸሁበት" አሉኝ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። ልጃቸው ጻቫ ነው፤ የሚመጣው በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ለሰንበት። እሱ በሌለበት የእህታቸው ልጅ መጥቶ ሲነካካ አምሽቶ ሄደ። በማግስቱ ሲከፍቱት ቀለሙ ሌላ፣ ከታች ያለው መደዳ ሌላ፣ ሥዕሎቹ ሌላ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ወንድማቸው ከጎንደር የላከላቸው የእናታቸው ፎቶ ከስክሪኑ ላይ የለም። እናታቸው አርፈዋል፤ ሌላ ፎቶ የላቸውም።

ቡና እስኪፈላ ድረስ አየሁት። የተጫነበት ዊንዶውስ ሳይሆን ሬድ ሃት ሊኑክስ 9 ነው፣ በ2003 የወጣው። ሊኑክስ ደግሞ ከውስጥ የሚሠራው ክፍልና ከፊት የምናየው ክፍል የተለያዩ ናቸው። የውስጡን ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በ1991 ጀመረው። ፊቱን የሠሩት ሌሎች ናቸው፣ ያውም ሁለት ቡድን። በ1996 ማቲያስ ኤትሪክ የተባለ ጀርመናዊ ኬ ዲ ኢ የሚባለውን ጀመረ። ያ የተሠራበት መሣሪያ ፈቃዱ ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ነፃ አልነበረምና፣ በ1997 ሚጌል ደ ኢካሳና ፌዴሪኮ ሜና የተባሉ ሁለት ሜክሲኳውያን ግኖም የሚባለውን አነሡ። ሬድ ሃት ሊኑክስ 9 ሁለቱንም ይዞ የመጣ ነው፤ ካልነገሩት ግኖምን ይከፍታል።

የእህት ልጅ ያደረገው ይህንን ነው። ስምና የሚስጥር ቃል በሚጠየቅበት ስክሪን ላይ "ሴሽን" የሚል ምርጫ አለ። እዚያ ኬ ዲ ኢን መረጠ። ማሕሼቩም "ለዛሬ ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ?" ብሎ ጠየቀው። ልጁ ሳያነብ "ሁልጊዜ" አለ። በቃ፣ የተበላሸ ነገር የለም።

መመለሻውም በዚያው በኩል ነው። ወጥተው፣ "ሴሽን" ላይ ግኖምን መርጠው፣ ሲጠይቅዎ ሁልጊዜ ይሁን ይበሉ። ሌላም መንገድ አለ፤ ጥቁሩን የጽሑፍ መስኮት ከፍቶ "ስዊችዴስክ" ብሎ ክፍት ቦታ ትቶ "ግኖም" ብሎ በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ። ይህኛው የሚሠራው ግን "ሴሽን" ላይ "ዲፎልት" የሚለው ተመርጦ ከሆነ ብቻ ነው። ስንቱ ሰው ይህን ሳያውቅ ደጋግሞ ጽፎ ማሕሼቩን ሲረግም አይቻለሁ።

ፎቶውስ? በዚህ በሬድ ሃት ሊኑክስ 9 ላይ ግኖም ከፊት ለፊት የምናስቀምጠውን የሚያኖርበት ማኅደር አንድ ነው፣ የኬ ዲ ኢ ሌላ ነው። የግኖሙ ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር፣ የተደበቁት ይታዩ ካላሉት አይታይም። ወደ ግኖም ስንመለስ ፎቶው እዚያው ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል። እናትዮዋ እልል አሉ፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። እኔ ግን ሳልሄድ በዲስክ ገልብጬላቸዋለሁ። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ፎቶ ያስፈራኛል።

አንድ ነገር ግን ነገርኳቸው፤ ሲገቡ የነበረው በልጃቸው ስም ነው። ምርጫው የሚመዘገበው በየሰዉ ስም ስለሆነ፣ እርስዎ የራስዎ ስም ቢኖርዎ የአንዱ ፊት የሌላውን አይነካም። አዲስ ስም ለመክፈት ግን የማሕሼቩ ዋና የሚስጥር ቃል ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ልጁ ጋ ነው። እስከ ዓርብ ጠበቁ።

ዓርብ ልጁ መጣ፤ ገና ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ስም ከፈተላቸው፣ የአያቱንም ፎቶ ከዲስኩ አስገባላቸው። "የትኛው ፊት ይሁንልሽ እማ?" አላቸው። ያንን ያስለቀሳቸውን ኬ ዲ ኢን መረጡ። ሥዕሎቹ ለዓይናቸው ጎላ ብለው ታዩዋቸው አሉ።