የባዶ ፊልም ምስክርነት

«ሰው ከስሕተቱ ይማራል» ሲባል ዘወትር እንሰማለን። አባባሉ እውነትነት ቢኖረውም ጎደሎ ነው ብዬ አምናለሁ። ስሕተት በራሱ ማንንም አያስተምርም፤ የሚያስተምረው ምልክት ትቶ ሲያልፍና ያንን ምልክት በትዕግሥት የሚመረምር ሰው ሲገኝ ነው። ይህን የተረዳሁት በአዊ ዞን፣ በአዘና መምህር በነበርኩበት ጊዜ፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም በቤቴ ለማጠብ ስሞክር ካበላሸኋቸው ፊልሞች ነው።

በዚያን ጊዜ ፊልም ለማሳጠብ ወደ ከተማ ፎቶ ቤት መላክና ቀናት መጠበቅ ግድ ነበር። እኔም ወጪውን ለመቀነስ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ጥቂት ለመኩራትም ብዬ፣ ብርሃን የማያስገባ ማጠቢያ ዕቃና ሁለት ጠርሙስ መድኃኒት ገዛሁ። ማታ ማታ መስኮቱን በብርድ ልብስ፣ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ እየደፈንኩ ማድ ቤቱን ጨለማ ክፍል አደረግሁት። በዚህ ምክንያት የቤቴ ሰዎች እራታቸውን ስንት ጊዜ አዘግይተው እንደበሉ እዚህ ባልዘረዝር ይሻላል።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። በፊልሙ ላይ በጄላቲን የተያዙ፣ ብርሃን ሲነካቸው የሚለወጡ ጥቃቅን የብር ጨው ቅንጣቶች አሉ። ዴቨሎፐር የሚባለው የመጀመሪያው መድኃኒት ብርሃን የነካቸውን ቅንጣቶች ወደ ጥቁር ብር ይለውጣል። ፊክሰር ወይም ሃይፖ የሚባለው ሁለተኛው ደግሞ ብርሃን ያልነካቸውን አሟሙቶ ያስወግዳል። ከዚያ ፊልሙ በብዙ ውኃ ታጥቦ አቧራ በሌለበት ቦታ ይሰቀላል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ግን ሃይፖው ገና ያልወጣውን ምስል ከነቅንጣቱ ጠርጎ ይወስደዋል፤ ዴቨሎፐሩ በኋላ ሲመጣ የሚሠራበት ነገር አያገኝም።

እኔ የገለበጥኩት ይህንኑ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። በአንዱ ዓመት በዚሁ ዕለት ጎረቤቴ የነበሩ አንድ ሽማግሌ በተሸለመው ፈረሳቸው ላይ ተቀምጠው እንዳነሣቸው ጠየቁኝ። ከፈረሳቸው ጋር ፎቶግራፍ ተነሥተው አያውቁም ነበር። በደስታ አነሣኋቸው። በዚያው ምሽት በኩራዝ ብርሃን ፊልሙን አጥቤ ብሰቅለው ከዳር እስከ ዳር እንደ ብርጭቆ የጠራ ሆኖ አገኘሁት። አንድም ፈረስ፣ አንድም ሰው አልነበረበትም።

ሁለት ቀን ሙሉ ካሜራውን ስወቅስ ሰነበትኩ። በኋላ ፊልሙን ያሳየሁት አንድ ሙያተኛ ካሜራውን እንኳ ሳይመለከት፣ «የጠርዙ ቁጥር የት አለ?» ሲል ጠየቀኝ። በፊልም ጠርዝ ላይ ፋብሪካው በብርሃን የሚያትማቸው ቁጥሮች አሉ፤ የሚታዩትም ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ነው። ቁጥሮቹ ወጥተው ምስሉ ብቻ ከጠፋ ጥፋቱ የካሜራው ወይም የአንሺው ነው፤ ፊልሙ አልዞረም፣ ወይም የካሜራው መዝጊያ አልተከፈተም ማለት ነው። ቁጥሮቹም አብረው ከጠፉ ግን ጥፋቱ የአጣቢው ነው። ቤቴ ተመልሼ ጠርሙሶቹን ሳያቸው ሁለቱም በአንድ መልክ፣ በአንድ መጠን የተሠሩ ነበሩ። የተለጠፈባቸው ወረቀት በውኃ ርሶ ተነሥቷል። ካሜራው ንጹሕ ነበር።

ለሽማግሌው ስነግራቸው፣ «አይዞህ ልጄ፣ ፈረሱም እኔም ከርሞ እዚሁ ነን» አሉኝ። ፈረሱ ግን ለከርሞ አልደረሰም።

እንግዲህ በዚህ ስሕተት የተማርኩት እኔ ነኝ፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን እርሳቸው ናቸው። ከስሕተት መማርን የሚያወድሱ ሰዎች ይህን ሲያነሡት ብዙ ጊዜ አልሰማም። በእኔ አስተያየት ጀማሪ የሆነ ሰው መሳሳት መብቱ ነው፤ መብቱ የሚሠራው ግን በራሱ ፊልም ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥቅሎች አጥሩን፣ ዶሮዎቹን፣ የገዛ ደጁን እያነሣ ያበላሻቸው። የሌላ ሰው የማይደገም ቀን የልምምድ መሣሪያ ሊሆን አይገባም።

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ፊልም የውኃውን ሙቀት፣ ደቂቃውንና ውጤቱን በደብተር መጻፍ ጀመርኩ። ከደብተሩ የተረዳሁት ዋና ነገር ስሕተቶች እኩል አለመሆናቸውን ነው። በሃይፖ ውስጥ ቆይታው ያነሰ ፊልም ወተት የመሰለ ጉም ይይዛል፤ በማግስቱም ቢሆን ወደ ሃይፖው ቢመለስ ይጠራል። በቀዝቃዛ ውኃ የታጠበ ፊልም ግን ምስሉ ስስ ይሆናል፤ ከሃይፖ ከወጣ በኋላ ወደ ዴቨሎፐር ቢመለስ አይድንም። መድኃኒቱ በተለምዶ የሚታሰበው ለ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የክረምት ማለዳ የእንስራ ውኃ ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ይቀዘቅዛል። የማይመለሰው ስሕተት የቱ እንደሆነ ያወቀ ሰው ጥንቃቄውን የት ላይ እንደሚያበዛም ያውቃል።

አንዳንዶች ዛሬ ስልክ በእጅ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል ይሉ ይሆናል። መድኃኒቱ ከየት ይገኛል የሚሉም አይጠፉም። ለሁለተኞቹ መልሱ ቅርብ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ በሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ሲሞክር በቡናና በማጠቢያ ሶዳ ፊልም ማውጣት እንደሚቻል አሳይቷል። ሥራውን የሚሠራው የቡናው ካፌይን ሳይሆን ካፌይክ አሲድ የተባለው ሌላ ንጥረ ነገር ነው። ሽታው ከቡናችን ጨርሶ እንደማይገናኝ ግን ከወዲሁ አስጠነቅቃለሁ። ሃይፖውም ቢሆን ከመገዛት አይድንም።

ለፊተኞቹ የምመልሰው ስልክን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን በስልክ የተበላሸ ፎቶግራፍ በአንድ ንክኪ ይደመሰሳል፤ ለምን እንደተበላሸ የሚጠይቀው ጥቂት ሰው ነው። ድርሰታቸውን ሲጽፉ ያልወደዱትን ገጽ ቀድደው የሚጥሉ ተማሪዎችንም ብዙ አይቻለሁ። በሚቀጥለው ድርሰት ያንኑ ስሕተት መልሰው ሲጽፉት ያለፈውን የሚያሳያቸው ወረቀት አይኖርም።

ሁለቱን ጠርሙሶች አሁን በዓይን ሳይሆን በእጅ እለያቸዋለሁ፤ በሃይፖው አንገት ላይ ሲባጎ አስሬበታለሁ። ባዶውን ፊልም አልጣልኩትም። ማስተማር እስካቆምኩበት ዓመት ድረስ ክፍል ውስጥ ይዤው እየገባሁ፣ ምንም ከመናገሬ በፊት ከተማሪ ወደ ተማሪ እንዲተላለፍ አደርግ ነበር። ብዙዎቹ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዘው ምስል ይፈልጉበታል። ጠርዙን የሚመለከት ተማሪ እስኪገኝ ድረስ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ።